እስከ አንገት የተቆለፈ ካፖርት

በመላው ምሥራቅ ጎጃም ሰማይን እንደኔ የሚያነብ ሰው አልተወለደም፤ ቢወለድም ገና ክርስትና አልተነሣም። ከቢቸና እስከ ሞጣ ድንኳን ሊተክል፣ አውድማ ሊለቀልቅ፣ በርበሬ ሊያሰጣ ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ የኔን አፍ ያያል። «ዛሬ እንዴት ነው ሰማዩ?» ይሉኛል። እኔም ቀና እላለሁ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈን አደርጋለሁ፣ ጢሜን ዳበስ ዳበስ አድርጌ ፍርዴን እሰጣለሁ። ደመናው ራሱ የዕለት ሥራውን ከኔ ይሰማል ብልህ ብዙ አላጋነንሁም።

ባለፈው ማክሰኞ ታዲያ «ዛሬ ጠብ አይልም» ብዬ፣ ጃንጥላዬን ሰቅዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ከቤት ወጣሁ። ገበያው መሀል ስደርስ ሰማዩ ያለውን ሁሉ ለቀቀብኝ። ድንች የነበረበት ማዳበሪያ ተከናንቤ፣ አፈር በአፈር ሆኜ ቤቴ ገባሁ። ሚስቴ በር ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።  ሄዳ ሳጥኑን ከፈተችና የአባቴን ካፖርት አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው።

ያን ጊዜ ሽታው መጣ። እርጥብ ሰውነቴ ሲነካው ሱፉ ተነፈሰ። መጀመሪያ የናፍታሊን ሽታ፣ ቀጥሎ ዝናብ የመታው በግ ሽታ፣ ከዚያ የአባቴ የብራና መጽሐፍ ሽታ፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ፣ ይህን ለሚስቴ አልነገርኋትም፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ላብ። የራሴ ላብ። እጄ ሳላስበው ወደ አንገቴ ሄዶ የላይኛውን አዝራር ቆለፈ።

ስማኝማ፣ አንተ ስለዚያ ካፖርት አታውቅም። ማንም አያውቅም። የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ።

ያኔ ቢቸና ላይ አራት ሆነን ነበር የምንውል። አንዱ ልብስ ሰፊው ነው። ከገበያው አጠገብ በአንዲት የእግር መኪና ይሰፋል፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ ከተናገረ የታመመ ይመስለን ነበር። ሁለተኛው ብስክሌት አከራዩ ነው። ስምንት ብስክሌቶች ነበሩት፤ ከስምንቱ ፍሬን የሚይዙት ሦስት ሲሆኑ የቀሩት የሚቆሙት በጸሎት ነው። ሦስተኛው ከገጠር መጥቶ ከአባቴ ዘንድ ቅኔ የሚማር ዲያቆን፤ ጥንቁቅ፣ ውሃ ሲጠጣ እንኳ ግራ ቀኙን የሚያይ። አራተኛው እኔ፣ የመሪጌታ ልጅ፤ ሥራዬ ወሬ ነበር። በሥራዬም ምስጉን ነበርሁ።

አንድ ጓደኛችን ደግሞ የሞጣ ልጅ፣ ሙስሊም ነበር። ቢቸና አጎቱ ዘንድ ተቀምጦ አብሮን ተማረና ተመልሶ ከአባቱ የጨርቅ ሱቅ ገባ። በሚያዝያ አጋማሽ «ላገባ ነው» ብሎ ላከብን። ከመልእክቱ ጋር ከአባቱ ሱቅ አንድ ጣቃ ቢጫ ጨርቅ መጣ። አባትየው «አራታችሁም አንድ ዓይነት ሸሚዝ አሰፍታችሁ፣ ሙሽራዋ ስትገባ በብስክሌት አጅቡልኝ፤ ጨርቄን በአራት ደረት ላይ ልየው» ብለዋል። ቢጫነቱን ልንገርህ አልችልም። ዶሮ ብታየው ጫጩቴ ነው ብላ የምትከተለው ዓይነት ቢጫ ነው።

ልብስ ሰፊው ሳምንት ሙሉ ሌላ ሥራ አልነካም። የአንገቱን ክሳድ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሰፋው። በግራ ኪሳችን ላይ በቀይ ክር ትንሽ የብስክሌት ጎማ ጠለፈበት፤ ከነሽቦዎቿ፣ በእጁ፣ አንድ በአንድ። ሲሰጠኝ ከአሥሩ ቃሎቹ ስድስቱን አወጣልኝ፤ «ሞጣ እስክንገባ እንዳይቆሽሽ፤ ያንተን የመጨረሻ አደረግሁት» አለኝ። የመጨረሻ ያደረገው እጁ ሥራውን ለምዶ እንዲያምርልኝ ብሎ ነው። ይህን ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ የእናቴን የከሰል ካውያ አግዬ ሸሚዙን ልተኩስ ዘረጋሁት። ጎበዝ ሰው ዝም ብሎ ይተኩሳል። እኔ ግን የጎረቤታችን ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብላ «ነገ ሞጣ በብስክሌት ትሄዳላችሁ አሉ፤ ታደርሱታላችሁ?» ብትለኝ፣ ባለፈው ክረምት አንድ አውቶቡስ ዳገት ላይ እንዴት አድርጌ እንደቀደምሁ ልነግራት ዞርሁ። አውቶቡሱ ቆሞ እንደነበር አልነገርኋትም። ወሬዬ ሾፌሩ እጁን ያውለበለበልኝ ላይ ሲደርስ እሷ አፍንጫዋን ይዛ «የሚነደው ምንድነው?» አለች።

ካውያው ከግራ ኪሴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሳነሣው ጎማዋ አብራ ተነሣች። ከልቤ ትክክል፣ ጫፉ የሾለ፣ ዙሪያው ቡናማ የሆነ፣ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ቀረ።

ልብስ ሰፊው ቢቆጣ ደግ ነበር፤ ቁጣን በቀልድ መመለስ አውቃለሁ። የፈራሁት እንደማይቆጣ ነው። ያንን ሳምንት ሙሉ ያጎነበሰ ራሱን ቀና አድርጎ ያየኛል፣ ከዚያ «እሺ» ይላል። «እሺ» እንዳይለኝ ስል አገር ለቅቄ ብጠፋ በወደድሁ።

አርብ አመሻሹ ላይ ብስክሌት አከራዩ ደጃፍ ተሰብስበን ምን ለብሰን እንደምንሄድ መከርን። የሚያዝያን ሰማይ ታውቀዋለህ፤ ጠዋት መልአክ፣ ከሰዓት ወንበዴ ነው።

«ቁምጣና ሸሚዝ» አለ አከራዩ። «ብስክሌት የሚነዳ ሰው ምን መሸፋፈን ያስፈልገዋል? ሬሳ ነው?»

«እኔ ገሳዬን እይዛለሁ» አለ ዲያቆኑ። ገሳ ያው እረኛና ገበሬ በክረምት የሚደፋው፣ ከሣር የተጎነጎነው ነው።

«ገሳ ለብሰህ ብስክሌት ላይ?» አከራዩ መሬት እስኪቀመጥ ሳቀ። «ሰዉ ምን ይላል? የሣር ክምር አገር ጥሎ ሄደ ይላል።»

«ይበል። ደርቄ እሰማዋለሁ።»

ልብስ ሰፊው «ሸሚዙ ይታይ» አለ። «ሌላውን እንደፈለጋችሁ። ሞጣ ስንገባ ሸሚዙ ይታይ።»

 ምላሴ እንደ ልማዷ ቀድማኝ ወጣች። «ነገ ዝናብ አለ» አልሁ። «ከረፋድ ጀምሮ እስከ ሞጣ። ብርድም አለው። ካፖርት ያለው ካፖርት፣ ኮት ያለው ኮት ይልበስና እስከ አንገቱ ይቆልፍ። ሸሚዝ ለሠርግ ነው እንጂ ለመንገድ ነው እንዴ?»

«በምን አወቅህ?» አለ አከራዩ።

«በባሕረ ሐሳብ።»

 ባሕረ ሐሳብ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚቆጠርበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ ስለ ዝናብ አንዲት ቃል የለውም። አከራዩና ልብስ ሰፊው ይህን አያውቁም። ዲያቆኑ ግን ያውቃል። ሲያየኝ፣ ሳየው፣ አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። የመምህሩን ልጅ በሰው ፊት ሐሰተኛ ማለት ነውር ሆነበት። እንዲህ ነው እኛ አገር ሐሰት የሚያድገው፤ በጨዋ ልጅ ዝምታ።

ቤት ገብቼ አባቴን «አባ፣ ካፖርትዎን ያውሱኝ» አልኋቸው። ዳዊታቸውን አጥፈው አዩኝ።

«ለብስክሌት?»

«ዝናብ ቢመጣ ብዬ ነው።»

«ልብ ገዛህ ማለት ነው» አሉ፤ ደስ አላቸው። ተነሥተው ከግድግዳው አወረዱና እሳቸው ራሳቸው አለበሱኝ፣ አዝራሮቹን አንድ በአንድ ቆለፉልኝ። ስድስት ትላልቅ አዝራሮች። «ላብና ነፋስ ከተገናኙ ሰው ይጥላሉ። መንገድ ላይ እንዳታወልቀው፤ አደራ።» ውስጡ ሁለት ሰው ያስገባል፤ እኔ ያኔ ከሲታ ነበርሁ፣ ብቻዬን ስገባበት ጎተራ ውስጥ የተረሳ ድርቆሽ እመስል ነበር።

ጎሕ ሲቀድ ተገናኘን። በኔ ቃል ሁሉም ተሸፋፍኖ መጣ፤ አከራዩ የወንድሙን ጃኬት፣ ልብስ ሰፊው ኮቱን፣ ዲያቆኑ ጋቢውን አጣፍቶ ገሳውን ከኋላ መጫኛው ላይ አስሯል። ልብስ ሰፊው አጠገቤ ቆሞ የብስክሌቴን መሪ ያዝ አደረገልኝ፣ ትንሽ ዘገየ፣ ከዚያ «ቆዩኝ» ብሎ ወደ ሱቁ ሮጠ። ሲመለስ ምንም በእጁ የለም። አልጠየቅነውም።

ዛሬ ያ መንገድ በሚኒባስ ስትሄድበት እንቅልፍህ ሳይጠናብህ ሞጣ ነህ። ያኔ ኮረት ነበር። የጎማው ኩርኩርታ በመሪው በኩል ጥርስህ ድረስ ይመጣል፤ ሱሃ ወንዝ ስንደርስ የአንዱ ብስክሌት ደወል ተፈትቶ ወድቆ ስንፈልግ ቆየን። ውሃው ላይ ጉም ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ የአሸዋ ሽታ ያለው። ለጥቂት ጊዜ እውነትም ዝናብ የሚመጣ መሰለኝ። ለጥቂት ጊዜ እውነተኛ ሰው ነበርሁ።

ከዚያ ፀሐይ ወጣች። ወጣች ብቻ አይደለም፤ እኔን ልትጠይቅ መጣች። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳሕን ጠራ። የደብረ ወርቅን ዳገት ስንያያዘው አከራዩ ጃኬቱን ገፈፈ። ዲያቆኑ ጋቢውን አጠፈ። ልብስ ሰፊው ኮቱን አውልቆ አሰረና ቢጫ ሸሚዙ በነፋስ ተነፋ። ሦስቱ ከፊቴ ሲወጡ እንደ ሦስት የአደይ አበባ ናቸው። እኔ ከኋላቸው ጥቁር ካፖርት ለብሼ እያቃሰትሁ ስከተል፣ ለቅሶ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሠርግ ውስጥ የገባ ይመስላል።

«ነቢዩ» አለ አከራዩ ዞር ብሎ፣ «ዝናቡ ጫማ እያሰረ ነው?»

«ይመጣል።»

«እስኪመጣ አውልቀዋ።»

«የአባቴ አደራ ነው።»

አደራ ያልሁት ነገር ወኅኒ ቤት ሆነ። ስድስት አዝራር፣ ስድስት ዘበኛ። ሱፉ አንገቴን እንደ ሳማ ይበላኛል። ላቤ በጀርባዬ ወርዶ፣ በእግሬ ወርዶ፣ ጫማዬ ውስጥ ተጠራቅሞ በእያንዳንዱ የፔዳል ዙር ጭልቅ ይላል። ያን ዓመት ሱሃ ሞላ ሲሉ ብትሰማ ግማሹ ከኔ ነው። ከካፖርቱ ውስጥ፣ ከላቡ መሀል፣ የተቃጠለው ጨርቅ ሽታ በአንገትጌዬ በኩል ሽቅብ እየመጣ ይሰነፍጠኛል። ልብስ ሰፊው ወደኔ በቀረበ ቁጥር አገጬን ወደ ደረቴ እጫነዋለሁ።

እሱ ደግሞ ይቀርባል። ዳገት ላይ ሁሉ ከኔ ጋር ዝግ ይላል። ደብረ ወርቅ ላይ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ቆሎ ስንቆረጥም «እዚህ ማንም የለም፤ ትንሽ ክፈተው» አለኝ። «ደኅና ነኝ» አልሁት። ውሃ የሰጡን አንዲት እናት አዩኝና «ልጄ፣ ታመሃል? ወይስ ሰው ገድለህ ነው የምትሸሸው?» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ። ልብስ ሰፊው አልሳቀም።

ጉንደወይን ስንደርስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። አከራዩ ወደ ሞጣ የሚሄድ የጭነት መኪና ቆሞ አየ። ሾፌሩን ያውቀዋል። «ይህን ሁሉ ጨርቅ በከንቱ የምንጎትተው ለምንድነው? ለነቢዩ ክብር?» ብሎ ጃኬቱን፣ የልብስ ሰፊውን ኮት፣ የዲያቆኑን ጋቢ ሰብስቦ ላከው። ዲያቆኑ ገሳውን «ይህንን አልሰጥም» ብሎ አቀፈው። ወደኔ ዞሩ።

«አደራ» አልሁ።

«ይሄ ልጅ ካፖርቱ ውስጥ ሴት ደብቋል» አለ አከራዩ፤ ተጓዝን።

ከጉንደወይን ወዲያ ያለውን ሜዳ ታውቀዋለህ? እስከ ዓይንህ ጫፍ የታረሰ ጥቁር መሬት፤ አንድ ዛፍ የለው፣ አንድ ጎጆ የለው። እዚያ መሀል ላይ ጥላዬ ከሥሬ ጠፋች። ቀና ስል ከጮቄ ተራራ በኩል እንደ ጎሽ መንጋ የጠቆረ ነገር እየሮጠ ይመጣል። መጀመሪያ የአፈር ሽታ መጣ። ቀጥሎ ነፋስ። ከዚያ አንድ ነጭ ጠጠር የብስክሌቴን መሪ መትቶ ነጠረ።

የእርግብ እንቁላል ያህል ነበር ብልህ አታምነኝም፤ እንግዲያው የባቄላ ያህል ይሁንልህ። ብስክሌቶቹን ጥለን መንገዱ ዳር ኩርምት አልን። ዲያቆኑ ገሳውን ዘርግቶ አከራዩን ከሥሩ አስገባው፤ ገሳ ደግሞ ሁለት ሰው ከያዘ የአንዱ ግማሽ ሰውነት ውጭ ነው፤ ሦስተኛ አይገባም። ልብስ ሰፊው በዚያች ቢጫ ሸሚዝ ውጭ ቀረ። በረዶው ራሱን ሲመታው እሰማለሁ። ሸሚዙ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ የጎድን አጥንቱ ተቆጠረ። ወደኔ መጣ።

«እስቲ ክፈተው» አለኝ። «ሰፊ ነው። ልግባ።»

ፊቱ ከፊቴ ስንዝር አይርቅም። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። እጄን ወደ ላይኛው አዝራር ወሰድሁት። እጄ እዚያው ቆመ። ከአዝራሩ ወዲያ ያለው ቀዳዳ ታየኝ፣ ጎማዋ የነበረችበት ቦታ ታየኝ።

«አዝራሩ ተጣብቋል» አልሁት። «ሱፉ ረጥቦ አልላቀቅ አለ።»

ለማን እንዳልሁት ተመልከት። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አዝራር ሲተክል ለኖረ ሰው ነው ያልሁት። አዝራሩን አየ። እኔን አየ።

«እሺ» አለ።

ዞሮ ተቀመጠ፣ ጉልበቱን አቀፈ። በረዶው እስኪያባራ እኔ ደርቄ፣ ሞቄ፣ ለሁለት ሰው በተሠራ ካፖርት ውስጥ ብቻዬን ቆሜ የጥርሱን መንቀጥቀጥ ሰማሁ።

ሲያባራ አከራዩ ከገሳው ወጥቶ ነጣ ያለውን መሬት አየ፣ ካፖርቴን አየ፣ ከዚያ እፊቴ ተንበረከከ። «ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «ያላንተ ፈቃድ ካልሲ አላወልቅም።» ዲያቆኑም፣ ያ ባሕረ ሐሳብን የሚያውቀው ዲያቆን፣ በፍርሃት አየኝ። በዚያች ደቂቃ ሐሰቴ ትንቢት ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ላውልቀው ብል እንኳ የማይወልቅ ሌላ ካፖርት ተደረበልኝ።

ሞጣ በአሥር ሰዓት ገባን። ጭቃ በጭቃ ብንሆንም ጊዜው ገና ነበር፤ ሙሽራዋ አልመጣችም። የሙሽራው አባት ግቢው በር ላይ ቆመው ተቀበሉን፤ እርጥብ ሸሚዞቹን እያዩ ፊታቸው በራ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አሉ። «አራተኛው ጨርቄ የት ገባ?»

«ከሥር አለ፣ አባባ» አልሁ።

«ታዲያ ቤት ገብተህ የለ? አውልቅና እንየው።»

ግቢው ሙሉ ሰው ያያል። ሙሽራው ከሩቅ እየሳቀ ይመጣል። መውጫ አልነበረኝም። «ብርድ ብርድ ይለኛል» አልሁ።

የሙሽራው አክስት ቀርበው ግንባሬን ዳሰሱ። ቀኑን ሙሉ ሱፍ ውስጥ የተቀቀለ ግንባር ነው። «ያ አላህ» አሉ፣ «ይህ ልጅ እየነደደ ነው። ወባ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። ሁለት ጎልማሶች ክንዴን ይዘው ጓዳ አስገቡኝ። ከነካፖርቴ አስተኙኝ። በካፖርቱ ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደረቡ። ከሰል የሞላ ማንደጃ አጠገቤ አኖሩ። ፌጦ በሎሚ አጠጡኝ፤ ዓይኔ ከጉድጓዱ ሊወጣ ደረሰ። «ልብሱን እናውልቅለት» ያለ ሰው ነበረ፤ አዝራሮቼን በሁለት እጄ ጨብጬ ጮኽሁ። «ተዉት፣ ይላበው» አሉ አክስትየዋ፣ በሩንም ዘጉት። ከግድግዳው ማዶ ድቤው ተጀመረ፤ እልልታው፣ ጭብጨባው፣ የብስክሌት ደወሎች። ሙሽራዋ ገባች። በብስክሌት ላይ ከተወለዱ ሰዎች ሁሉ የምበልጠው እኔ በበሩ ስንጥቅ የምትገባዋን አንዲት የብርሃን ክር እያየሁ እንደ ድንች ተቀበርሁ።

ብርሃኑ ሰፋ። ልብስ ሰፊው ነበር። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ጎረቤት ቤት በግ ታርዶልን ነበርና ከዚያ በሳሕን ይዞልኝ መጥቷል። ሳሕኑን አስቀመጠ፣ በሩን ዘጋ።

«ተነሥ» አለኝ።

«ታምሜያለሁ።»

«አውቃለሁ። አውልቅ።»

ከሱሪ ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሲፈታው ቁራጭ ቢጫ ጨርቅ፣ ቀይ ክር፣ መርፌ። እሱ እስከ አጥንቱ ሲበሰብስ ያ ጨርቅ አንድ ጠብታ አልነካውም። አዝራሮቹን ፈታሁ። ስድስቱም ወዲያው ተፈቱ። ሁለታችንም አዝራሮቹን አላየንም።

«መቼ አወቅህ?»

«ጠዋት። ቆልፈህ ስትመጣ። የተቃጠለ ጥጥ ሽታ አላጣውም።»

«ለምን አልተናገርህም?»

«እስክታወልቀው ነበር የምጠብቅህ።» መርፌውን ወደ ማንደጃው ብርሃን አስጠግቶ ክር አስገባ። «ደብረ ወርቅ ላይ ያወልቀዋል አልሁ። እምቢ ስትል፣ ጉንደወይን ላይ አልሁ። ከዚያ...» አለና መስፋት ጀመረ።

አዲስ ኪስ ሠራልኝ። ጎማዋንም ጠለፋት፤ ትንሽ ጠመም አለች፤ ጣቶቹ ከበረዶው ገና አልተፍታቱም ነበር። ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ያን ጊዜ ካፖርቱን አንሥቼ «እንካ፣ ልበሰው» አልሁት።

«አሁንማ ደርቄያለሁ» አለ።

ሸሚዜን ለብሼ ልወጣ በሩን ብከፍት አክስትየዋ ሌላ ብርድ ልብስ ታቅፈው ቆመዋል። «ወዴት ነው? ልትሞትብኝ ነው?» ብለው መለሱኝ። ልብስ ሰፊው በጎናቸው ሾልኮ ወጥቶ ከኋላቸው ቆሞ፣ ጥርሱን ሳያሳይ፣ በዓይኑ ብቻ ሳቀ። «ተኛ፣ ታመሃል» አለኝ። ፎቶ አንሺው ተጣራ፤ ሦስቱ ሄዱ። ያ ፎቶ ዛሬም ሞጣ ሙሽራው ቤት ተሰቅሏል። ሦስት ቢጫ ሸሚዝ ናቸው፤ ልብስ ሰፊው ከጎኑ የአንድ ሰው ቦታ ትቷል።

ቢቸና ስንመለስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። አከራዩ ሠርጉ ላይ ለሰማው ሁሉ ተናግሮ፣ በረዶው የእንቁላል ያህል የሆነው በሱ አፍ ነው። ሰው ይጠይቀኝ ጀመር፤ እኔም እመልስ ጀመር። ስንት ጊዜ እንደምስት ማንም አልቆጠረም፤ ስመታ ግን አገር ይሰማል። ልብስ ሰፊው በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አንዲት ቃል አልወጣውም። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰዎች «እሱ እኮ ያን ጊዜ ከጠራ ሰማይ በረዶ ያየ ሰው ነው» ሲሉ፣ እሱ መኪናውን እየረገጠ ይሰማል፤ እኔን አያየኝም። ልንገረው፣ ይቅርታ ልለው፣ ስንት ጊዜ ሄጄ ስንት ጊዜ ቀልድ ነግሬው ተመለስሁ።

ካቻምና ታመመ፤ ብዙም አልቆየ። ለቅሶው ቀን የእድሩ ሰዎች ግቢው መሀል ድንኳኑን እንደተጠቀለለ አስቀምጠው ወደኔ መጡ። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ሰማዩ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ጥቁር።

«አንተ፣ ምን ይላል?» አሉኝ። «እንትከለው ወይስ ሰዉ ሜዳ ላይ ይቀመጥ?»

ቀና አልሁ። ቆየሁ። «አላውቅም» አልሁ።

ኀዘኑ ጎድቶታል ተባባሉ። አንዱ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። ድንኳኑን ተከሉት፤ ከሱ ሥር ቁጭ አልሁ፤ ጠብም አላለ።

ይኸው ነው። እኔ ስለ ሰማይ የማውቀው ነገር የለም፤ ያቃጠልሁት ሸሚዝ ነው። አዝራሩም አልተጣበቀም ነበር።